ወንጪ ላይ ዳገቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው

ሐሙስ

ጅማ መንገድን ይዘን ወጣን። ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ። 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊዜያችንን የበላው ግን ከአየር ጤና እስከ ሰበታ ያለው የሲኖትራክ ሰልፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ጥቅምት ሊያልቅ ስለሆነ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም። ለሩጫ ከዚህ የተሻለ ወር አላውቅም።

ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። አንዱ ጓደኛዬ ነው፤ ድሮ በክለብ 3,000 ሜትር መሰናክል ይሮጥ ነበር፣ አሁን ሥራው እንደ እኔ ያለውን የቢሮ ሰው ማሠልጠን ነው። ሌላው ሾፌራችን ነው። እሱ አይሮጥም። "ካላባረሩኝ አልሮጥም" ብሎ ገና ካራ ቆሬ ሳንደርስ አቋሙን አሳውቆናል።

አዲስ አበባ ሩጫ የያዘው ሰው የሚያወራው ስለ እንጦጦ፣ ስለ ሱሉልታና ስለ ሰንዳፋ ነው። ወንጪ ሲባል ግን ቶሎ ትዝ የሚለው ፈረስና ጀልባ ነው። እኔን የሳበኝ ቅርጹ ነው። ወንጪ እሳተ ገሞራ የሠራው ተራራ ነው፤ አናቱ ተደርምሶ በቀረው ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቁ ተኝቷል። ውሃው 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ዙሪያውን የከበበው አፋፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ከፍተኛው ጫፍ ደግሞ ከ3,380 ሜትር በላይ ነው።

ይህ ቅርጽ ሩጫውን ይገለብጠዋል። ሌላ ተራራ ላይ መኪናችሁን ግርጌ አቁማችሁ፣ እግራችሁ ገና ትኩስ እያለ ትወጣላችሁ፣ ሲደክማችሁ ቁልቁለቱ ተቀብሎ ወደ ቤት ያወርዳችኋል። እዚህ መኪናውም፣ አልጋውም፣ ሻዩም ያለው አፋፉ ላይ ነው። መጀመሪያ ትወርዳላችሁ፣ ደስ ይላችኋል፣ ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ከዚያ ሐይቁን አይታችሁ ስትጨርሱ፣ ውሃችሁም ጉልበታችሁም ሲያልቅ፣ ዳገቱ ይጀምራል። ከዚህ በታች ስለ መስመሮቹ የምጽፈው ሁሉ በዚህ ዓይን የታየ ነው፤ እዚህ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ከሚለው ይልቅ "ዳገቱ የት ጋ ነው?" የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል።

ወሊሶ ምሳ በላንና ወደ ላይ ተጠመዘዝን። ወሊሶ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በመኪና ብቻ 1,000 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ። መውጣታችሁን የሚነግራችሁ እርሻው ነው። ጤፉ ይቀራል፣ እንሰት በየጓሮው ይበዛል፣ ከዚያ ገብስ ይመጣል። መስኮቱን ዝጉት የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ አፋፉ ላይ ባለው መንገድ ለ40 ደቂቃ ያህል ወጣን። ኤዚ፣ ማለትም በጣም ቀስ ያለ። ጓደኛዬ ሰዓቴን እንዳላይ ከለከለኝ። ምክንያት አለው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ የምንኖር ሰዎች ለመድነው ብለን እንኩራራለን፣ እውነትም ከታች ከሚመጣው እንሻላለን፣ ግን የ600 እና የ700 ሜትር ልዩነት ቀላል አይደለም። ሰዓቱ ላይ የለመዳችሁትን ፍጥነት ለማየት ከታገላችሁ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትቃጠላላችሁ። "ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል" አለኝ። ስለዚህ እያወራን ሮጥን። ስለ ቤት ኪራይ ነበር ያወራነው፣ እሱም ትንፋሽ ያሳጥራል።

አንድ ልጅ ከኋላችን መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ እጁ ላይ ዱላ አለ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ። ትንሽ አብሮን ሮጠና ዞር ብሎ አየን፤ ፊቱ ላይ ያለው ነገር አዘኔታ ነበር። ከዚያ ትቶን ሄደ። የጠፉ በጎቹን ሊመልስ ነበር መሰለኝ።

ማታ ብርዱ ቀልድ አይደለም። ብርድ ልብስ ደረብን፣ ካልሲ አድርገን ተኛን። እንቅልፌ ተቆራርጧል፤ ከፍታ ላይ የመጀመሪያው ሌሊት ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያድረው፣ አትደንግጡ። ትንሽ ራስ ምታት ካለ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻለ በማግስቱ ሩጫውን ተዉት። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ማስመለስና መንገዳገድ ከጨመረበት ግን ወደ ወሊሶ ወይም ወደ አምቦ መውረድ ነው፤ መድኃኒቱ ከፍታ መቀነስ ነው።

ዓርብ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ሐይቁ አይታይም፤ ጎድጓዳው እስከ ወገቡ ጉም ሞልቶታል።

የፈረስ አስጎብኚዎቹ ቀድመውናል። በማኅበር ተደራጅተው በተራ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ማን ይሂድ የሚለው ላይ ጭቅጭቅ የለም። ተራው የደረሰው ወጣት ወደ እኔ መጣ።

"እህቴ፣ ፈረስ?"

"በእግራችን ነን። ልንሮጥ ነው።"

ጫማዬን አየ። ጓደኛዬን አየ። "መውረዱስ እሺ" አለ፣ "መውጣቱስ?"

ከዚህ በላይ ስለ ወንጪ ሩጫ የተባለ ትክክለኛ ነገር አልሰማሁም። ፈረሱን ተከራየነው፤ ለመቀመጥ ሳይሆን ጃኬታችንን፣ ውሃችንንና ደረቅ ልብሳችንን እንዲሸከምልን። ለሚመጣ ሯጭ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ልጁ ይሠራል፣ እናንተ ያለ ሸክም ትሮጣላችሁ፣ አንድ ነገር ብትሆኑም የሚያወጣችሁ አለ። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ይነገራል፣ ደረሰኝ ይሰጣል።

ወደ ታች ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንዱ መኪና የሚወርድበት ነው፤ የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወንጪ ከገባ ወዲህ አካባቢው ብዙ ተሠርቷል። ሌላው የድሮው የፈረስ መንገድ ነው። እኛ የያዝነው የፈረሱን ነው። መሬቱ ኮቴ ሲረግጠው ከርሞ ልሟል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ሆኖ የተረገጠው ደግሞ እንዳለ ደርቋል፤ ስለዚህ በየሁለት እርምጃው የእግር ቁርጭምጭሚት የሚያህል ጉድጓድ አለ። በጉድጓዶቹ መሃል ድንጋይ ብቅ ይላል፣ አናቱ በኮቴ ተፍቆ የሚያንሸራትት። የአስፓልት ጫማ ይዞ መምጣት አያዋጣም። ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን።

ጓደኛዬ መሰናክል ሯጭ ስለነበር ቁልቁለት ላይ አያያዙ ሌላ ነው። እጆቹን እንደ ክንፍ ለቀቅ አድርጎ፣ እርምጃውን አሳጥሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። እኔን ከኋላ ሲሰማኝ ቆመ።

"ተረከዝሽን አትንከሪ። ፍሬን አትያዢ።"

"ካልያዝኩ እወድቃለሁ።"

"አትወድቂም። አጠር አጠር አርጊው፣ ቶሎ ቶሎ ርገጪ። እግርሽን አትይ፣ አራት እርምጃ ወደፊት እይ።"

ነገሩ ይገባል። ቁልቁለት ላይ ሰውነት ወደ ኋላ ሲያጋድልና እግር ፊት ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ነው፤ ፍሬኑን የሚይዘው ደግሞ የፊት ጭን ጡንቻ ነው። ጡንቻው እየተለጠጠ ነው የሚሸከመው፣ ይህ ዓይነቱ ሥራ ደግሞ ከዳገት ይበልጥ ይጎዳዋል። ክፋቱ ወዲያው አይሰማም። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ነው ሒሳቡ የሚመጣው። ሌላ ትንሽ ነገር፣ ከመውረዳችሁ በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፣ ጫማችሁንም ከላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣት ጫማው ጫፍ ላይ እየተመታ ከወረደ ጥፍሩ ይጠቁራል።

ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ተገፈፈ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ አንድ ጊዜ ነፋስ መጣና አነሳው፣ ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ታየ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ደሴቱ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ፀሐይ ነክቶት ያብረቀርቃል። ቆመን አየን። ሰዓቴን አቆምኩት፣ ከዚያ በኋላም አልከፈትኩትም።

አሁን ስለ ሐይቁ ዳር። ካርታ ላይ ስታዩት ሐይቁን ቀለበት ሠርታችሁ ትሮጣላችሁ ብላችሁ ትጓጓላችሁ። መሬት ላይ ቀለበቱ የለም። አንዳንዱ ቦታ ገደሉ እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ዙሪያውን ከማሰብ ይልቅ ሜዳ የሆነውን የዳር ክፍል ይዞ ደርሶ መልስ መሮጥ ይሻላል። እኛ እንደዚያ አደረግን። ሣር ነው፣ ከብት ይግጥበታል፣ ከእግር በታች ለስላሳ ነው፣ ከአስፓልትና ከኮረኮንች በኋላ ጉልበት ያርፍበታል። ፍጥነት መሥራት የሚፈልግ ሰው አጫጭር ምልልስ ሊሠራበት ይችላል፤ በመሃል ረዘም ያለ እረፍት ይኑረው። ላሞቹን ዞር ብላችሁ እለፉ፣ ጥጃ ያላት ላም አትሌት አታከብርም።

ከዚያ ጀልባ። ደሴቱ ላይ ያለው ቅዱስ ቂርቆስ ነው። እንደምታውቁት ጫማ ይወልቃል፣ በቁምጣ አይገባም። ነጠላና ረጅም ቀሚስ ፈረሱ ላይ ጭኜ ነበር፣ ሴት ሯጮች ይህን አትርሱ። ዓርብ ስለሆነ ጸጥ ያለ ነበር። አንድ አባት ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ላባችንን አዩና "ከማን ሸሽታችሁ መጣችሁ?" ብለው ሳቁ፣ ባረኩን። ጥቂት ተቀመጥንና ተመለስን።

ዳገቱ።

መጀመሪያ ላይ ሮጥኩ። አምስት ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ ትንፋሼ ከእርምጃዬ ጋር መግባባቱን አቆመ። ጓደኛዬ "አሁን ተራመጂ" አለ። "ሳይደክምሽ ተራመጂ፣ ከደከመሽ በኋላ ከሆነ አይመለስም።" እሱ የሚለው ስልት ይህ ነው፦ ቀጥ ያለውን ዳገት እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ትራመዳላችሁ፣ መንገዱ ትንሽ ለጥ ሲል በጣም አጭር እርምጃ ትሮጣላችሁ፣ ዳገቱ ሲመለስ እንደገና ትራመዳላችሁ። ኩራት የለም። ዳገት ላይ የልብ ምት አንዴ ጣሪያ ከነካ፣ በዚህ ከፍታ ቶሎ አይወርድም።

ፈረስ ጎታቹ አጠገቤ ያዘግማል። እያፏጨ። በየጥምዝምዙ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ "እህቴ፣ ፈረሱ ባዶ ነው" ይለኛል። በጣም በትሕትና ነው የሚለው፣ ያናደደኝም ትሕትናው ነው። ከላይ ገብስ የጫኑ ሴቶች ይወርዳሉ፣ "አካም ቡልተን" እንባባላለን፣ አንዷ እኔን አይታ "ጃባዹ!" ብላ ጮኸች፣ በርቺ ነው። በዚያች ቃል ሁለት ጥምዝምዝ ሮጥኩ።

ጓደኛዬ ሙሉውን ሮጠ። ላይ ሆኖ ሻይ ይዞ ነው የጠበቀኝ። ለመውረድ ግማሽ ሰዓት የማይሞላው መንገድ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ሾፌራችን ሰዓቱን ይዞልኛል ለካ፣ ያለምንም ርኅራኄ ነገረኝ።

ማታ ሽሮ። ጾም ነው፣ ደግሞም ሌላ ነገር ለማኘክ አቅም አልነበረኝም።

ቅዳሜ

ከአልጋ ስነሳ የፊት ጭኔ አልታዘዝ አለ። ዳገቱ አይደለም ያመመኝ፤ መውረዱ ነው። ባቴ ደህና ነው፣ ሳንባዬ ደህና ነው፣ ጭኔ ግን በእጅ ሲነካ ያስጮኻል።

ለዚህ ቀን የተዘጋጀው መስመር የፍል ውሃው ሸለቆ ነበር፣ ጥሩም ሆነ። ወደ ሐይቁ በመኪና ወረድን፣ ከዚያ በጀልባ ተሻገርንና ወዲያ ማዶ ካለው መንገድ በእግር ገባን። ከመስመሮቹ ሁሉ ሰው የማይነግራችሁ ይህን ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ዳገትና ቁልቁለቱ የሚያንገላታ አይደለም። አፈሩ ልስልስ ያለ ነው። ኮሶና ጽድ ጥላ ይሰጣል፣ በመሃል እንሰት የከበባቸው ጎጆዎች አሉ። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከላይ ያያሉ፣ ስትጠጉ ብቻ ቅርንጫፉን ያናውጡታል።

እኛ አልሮጥንም ማለት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሦስት ደቂቃ እርምጃ። የታመመ ጡንቻ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ይፍታታል፣ ዝም ብሎ ከመተኛት ይሻላል። ጉልበት ሲያም ግን፣ ማለትም ጡንቻው ሳይሆን መገጣጠሚያው፣ መቆም ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ጡንቻ ሲያም በሰፊው ነው፣ ሲሞቅም ይቀንሳል፤ መገጣጠሚያ ሲያም በአንድ ጣት ልታሳዩት ትችላላችሁ፣ በሮጣችሁ ቁጥርም ይብሳል።

ሸለቆው ውስጥ በውሃ የሚሠራ ወፍጮ አለ። ትንሽ ናት፣ ስትገቡ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ውሃው ከታች ሲመታው መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ከላይ ያለው ድንጋይ አብሮ ይዞራል፣ ገብሱ ከቅርጫት ትንሽ ትንሽ ወደ መሃሉ ይፈሳል። ቅርጫቱን የሚነካ አንድ እንጨት አለ፤ ድንጋዩ ላይ አርፎ ሲንቀጠቀጥ ቅርጫቱን ያርገፈግፈዋል፣ ስለዚህ ድንጋዩ ሲፈጥን እህሉ ይበዛል፣ ሲዘገይ ይቀንሳል። ማንም ቆሞ አይቆጣጠረውም። ወፍጮውን የያዙት አባት ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ሆኗል።

"አባባ፣ በቀን ምን ያህል ይፈጫል?"

"ውሃው እንደፈለገ" አሉ።

ጓደኛዬ ይህን ወስዶ ቀኑን ሙሉ የሥልጠና ምክር አደረገው። አሠልጣኞች እንደዚህ ናቸው።

ፍል ውሃው ጋ ሰው ይታጠባል። ለጠበል የመጣ አለ፣ ለእግሩ ሕመም የመጣ አለ። ሮጣችሁ አትግቡ፣ ካሜራም አታውጡ፤ ቀስ ብላችሁ ደርሳችሁ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ ጠይቃችሁ ነው። ቦታ ለቀቁልንና እግራችንን ነከርን። ውሃው ከመሬት የሚወጣው ሞቆ ነው፣ ድንጋዩ ላይ የዝገት ቀለም ትቶ ያልፋል። እሳተ ገሞራው ላይ ላዩን ዝም ቢልም ከታች ያለው ሙቀት ገና አላለቀም።

ስንመለስ በፈረስ ወጣሁ። የትናንትናው ልጅ አይደለም፣ ተራው የሌላ ነው፣ ወሬው ግን ደርሶታል። "እሷ ነች የሮጠችው?" ሲል ሰምቻለሁ።

ሾፌራችን ጥብስ አዝዞ ጠበቀን። ከቆጮ ጋር። ለራሱ ግማሹን ቀድሞ በልቷል። "በጥቅምት አንድ አጥንት" አለና አጥንቱን አሳየን፤ አንድ ግን አልነበረም። የቤቱ እናት በጎን ጩኮ ሰጡን፣ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ። ለሯጭ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አይገኝም። ጠጣር ነው፣ አይፈስም፣ ትንሿ እንክብል ብዙ ታስኬዳለች። ለነገው በላስቲክ ጠቅልዬ ያዝኩ።

እሁድ

አፋፉ። ወንጪ ላይ አንድ ሩጫ ብቻ የምትሮጡ ከሆነ ይህን ሩጡ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳገቱ መጨረሻ ላይ አይደለም። የአፋፉ መንገድ ከፍ ዝቅ እያለ ይሄዳል፣ ወደ ከፍተኛው ጫፍ እየቀረባችሁ ስትሄዱ ትወጣላችሁ፣ ስትመለሱ ትወርዳላችሁ። እንደማንኛውም ደንበኛ ተራራ። በአንድ ወገን ሐይቁ ከእግራችሁ በታች ነው፣ በሌላው ወገን ሜዳው እስከ ወሊሶ ድረስ ተዘርግቷል። ነፋስ ግን አለ። የሚመታችሁን ነፋስ መሄጃ ላይ ጨርሱት፣ መመለሻ ላይ ከኋላ ይግፋችሁ። ላብ ባለበት ገላ ላይ የዚያ ቦታ ነፋስ ሲመጣ አጥንት ይገባል።

በአንድ መስመር ነበር የሮጥነው። እሱ ከፊት፣ እኔ እግር በእግር እየተከተልኩ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ የክለብ ልጆች ሲሠሩ ካያችሁ እንደዚያ ነው የሚሮጡት፤ መሪው በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛል፣ ሌላው እሱ የረገጠበትን ይረግጣል። ለምን እንደሚያደርጉት ገና ገባኝ። የፊተኛውን እግር ስትከተሉ ስለ ርቀቱ ማሰብ ይቀራል። የት ልርገጥ የሚለውንም ሌላ ሰው ይወስንላችኋል። የቀረላችሁ ሥራ መተንፈስ ነው። ጓደኛዬ አንዳንዴ ሆን ብሎ ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ሣሩ ይገባል፣ ድንጋይ ሲያይ በጣቱ ያመለክታል፣ አይናገርም።

ውሻ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። የገጠር ውሻ ሥራው ግቢ መጠበቅ ነው፣ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ለእሱ ሌባ ነው። ሲመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ተራመዱ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ይበቃል። ባለቤቱ ቶሎ ይወጣል፣ ውሻውን ይቆጣል፣ ከዚያ እናንተን ቡና ካልጠጣችሁ ይላል። ሁለት ቤት እንደዚህ ተጋብዘን ይቅርታ ጠይቀን አለፍን። ሦስተኛው ቤት አልቻልንም፤ ቡናው ተቆልቶ ሽታው መንገዱ ላይ ደርሶ ነበር።

ገብሱ እየታጨደ ነው። የታጨደው በየማሳው ዳር ተቆልሏል፣ አንዳንዱ ቦታ መንገዱ ራሱ አውድማ ሆኗል። ዞሮ ማለፍ ነው እንጂ እህል ላይ አይረገጥም። ከፍ ስንል ማሳው ቀረ፣ አስታ መጣ፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ ግንዱ ጠማማ፣ ከጉልበት እስከ ትከሻ የሚደርስ ቁጥቋጦ። እዚያ ላይ ማንም የለም። ወፍ አለ፣ ነፋስ አለ። ጫፉ አካባቢ ተቀምጠን ጩኮውን በላን። በረዶ የመሰለ ቅቤ ሆኖ ጠነከረ እንጂ ጣዕሙ ያው ነው።

ስንመለስ ፈረስ የተቀመጡ ሽማግሌ ደረሱብን። ፈረሱ ባለ ቀይ ጥለት እርካብና ልጓም ነው፣ እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ከቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ለትንሽ ጊዜ ከጎናችን በሶምሶማ ሄዱ። ፈረሱ እንኳ አልተነፈሰም።

"ልጆቼ፣ ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም አልሞተም አባባ፣ ስፖርት ነው።"

አሰቡበት። "እንግዲያው ቀስ በሉ" ብለው ኮልኮል አድርገው ሄዱ።

ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ሰው እየበዛ ነው፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ የሚወርደው መንገድ ላይ ፈረስ፣ ቤተሰብና መኪና ስለሚበዛ ለሩጫ አይመችም። አፋፉ ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው።

ከሰዓት በኋላ በአምቦ በኩል ወጣን። ከወንጪ አምቦ 30 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ደንዲ በዚህ በኩል ነው፤ ሌላ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ፣ ውስጡ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ሐይቅ፣ ከወንጪ በጣም ያነሰ ጎብኚ። የደንዲ ዳር ከወንጪ ይልቅ የተዘረጋ ሣር አለው ይላል ጓደኛዬ፣ እሱ ከዚህ በፊት ሮጦበታል። እኔ ጭኔን አሳየሁት። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

አምቦ የማዕድን ውሃ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ገባን። በጠርሙስ የምናውቀው ውሃ ጋዙ ከመሬት ይዞት የሚመጣው ነው፣ ያው የእሳተ ገሞራው ዘመድ ነው። ሾፌራችን ጉዞው ከተጀመረ ጀምሮ ልብሱን ያወለቀው ያኔ ነው፤ ሁላችንንም በዋና አስከነዳን። ከዚያ ጊንጪ፣ አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ ቡራዩ። ቡራዩ ስንደርስ ጨልሞ ነበር፣ የሲኖትራኩ ሰልፍ በዚህም በኩል አለ።

ሰኞ

ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቷል። በደረጃ ወጣሁ፣ ምንም አላለኝም፣ እንዲያውም ትንፋሼ ከወትሮው የተሻለ ነበር። ለምሳ ልወርድ ስል ግን የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ጎን ዞሬ፣ አንድ አንድ ደረጃ ነው የወረድኩት። ጥበቃው ከታች ሆኖ ሲያየኝ ቆየና "አደጋ ደረሰብሽ እንዴ?" አለኝ። ወንጪ ሄጄ ነው አልኩት። "ፈረስ ጣለሽ?"